ነገሩን ያነሳ

በጥብቅና በሠራሁባቸው ዘጠኝ ዓመታት ብዙ ውሸታም ደንበኛ ገጥሞኛል። ውሸታም አያስቸግረኝም፤ ውሸቱን እየለቀምሁ እውነቱን አወጣዋለሁ። የሚያቃጥለኝ አልናገርም የሚል ደንበኛ ነው። ይስማው እንደዚያ ነበር።

ንፋስ መውጫ ወዳለው ቢሮዬ የመጣው በኅዳር ነው፤ አገሩ ስማዳ፣ ከወገዳ አጠገብ ካለች ቀበሌ። ለአምቡላንስ ሾፌርነት ተወዳድሮ አልፏል። የቀረው አንድ ወረቀት ብቻ ነበር፤ ከወንጀል ነፃ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ። አሻራ ሲሰጥ የድሮው ፍርድ ወጣ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አውድማ ላይ በተነሳ ጠብ አስማረ የሚባለውን ጎረቤቱን በዱላ መትቶ ክንዱን ሰብሮታል፤ ለዚህም ሦስት ዓመት ታስሮ ወጥቷል። ቀጣሪዎቹ የአንድ ወር ጊዜ ሰጡት። በወሩ ውስጥ መዝገቡ ካልጠራ ቦታው ለተጠባባቂው ይሰጣል።

«ከእስር ወጥቼ የሰው ጭነት ሳመላልስ ስምንት ዓመት ሆነኝ» አለኝ። «የኔ የምላት ሥራ ስትመጣ ይችኛዋ ብቻ ናት። እሷም ከእጄ ልትወጣ ነው።»

«አይዞህ፣ ሕጉ መላ አለው» አልሁት። መሰየም ይባላል። ቅጣቱን የጨረሰ ሰው ሕጉ ያስቀመጠውን ዓመት በደህና ጠባይ ከኖረ፣ ለበደለውም ሰው ካሳ ከከፈለ፣ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን ከመዝገብ ይሰርዝለታል። ከዚያ ወዲያ እንዳልተፈረደበት ይቆጠራል። የይስማው ዓመቱ ሞልቷል፤ ስለ ጠባዩ ቀበሌው ጽፎለታል። የቀረው ካሳው ነው።

«ለአስማረ ካሳውን ከፍለሃል?» አልሁት።

ጫማውን ማየት ጀመረ።

«ክንዱን ለሰበርኸው ሰው፣ ከፍለሃል ወይስ አልከፈልህም?»

«እሱን አልናገርም።»

«ጠበቃህ እኮ ነኝ።»

«አውቃለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ። እሱን አልናገርም።»

ተናድጄ ፋይሉን ዘጋሁት። አልከፈለም ብዬ ደመደምሁ፤ የከፈለ ሰው እንዲህ ያለውን ጥያቄ ምን ያስፈራዋል? ሄደህ ከፍለህ ና ብዬ ሰደድሁት።

ምሳ ላይ ለአባቴ አማረርሁ። አባቴ መሐሙድ ገበያው ዳር ጨርቅ ይሸጣሉ፤ የማያውቁት የጋይንትና የስማዳ ገበሬ የለም። የጎረሱትን ዋጡና ሳቁብኝ።

«ያስሚን፣ ሕግ ተማርሽ እንጅ አገርሽን አልተማርሽም። ሰውየው ተገዝቶ ነዋ።»

ከዚያ አስረዱኝ። ሽማግሌዎች ደም አድርቀው ካሳ አስከፍለው ሲጨርሱ ቄሱ መስቀሉን ያነሳና «ይህን ነገር ያነሳ፣ ለልጁም ሆነ ለዳኛ የተናገረ፣ እንደ ይሁዳ የተለየ ይሁን» ብሎ ይገዝታል። በዳይም ተበዳይም ዘመድም ከዚያ በኋላ አያነሱትም። «እኛ ሙስሊሞቹ እንኳ ሽማግሌ ሆነን ከገባን አናነሳውም» አሉ። «ዝም አይነቅዝም።»

ጉድ ፈላ። ካሳው መከፈሉን የሚያውቅ ሰው ሁሉ፣ ተከፍሏል ብሎ መናገር የማይችል ሰው ነበር። ይስማውን በማመናጨቄ አፈርሁ።

በማግስቱ ማመልከቻውን ለፍርድ ቤቱ አስገባሁ፤ የአስማረን የምስክርነት መጥሪያ ይዤም ወደ ወገዳ ሄድሁ። ስለ መንገዱ አላወራም፤ የሄደበት ያውቀዋል። የገዘቱትን ቄስ ቀለመ ወርቅን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውጭ አገኘኋቸው። በጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ የተማሩ፣ ድምፃቸው ወፍራም የሆነ ሽማግሌ ናቸው።

«አባ፣ ግዝቱን ለአንድ ቀን ብቻ ይፍቱልኝ» አልኋቸው።

«ለአንድ ቀን? አህያ መሰለሽ፣ ፈትቼ ማታ መልሼ የማስረው?»

ልስቅ ስል ፊታቸው ጠቆረ።

«አስማረ አራት ወንድሞች አሉት። ያን ጊዜ ሁለቱ ጠመንጃ አንስተው በስንት ልመና ነው የመለስናቸው። አሁን ነገሩ ባደባባይ ቢነሳ፣ ማን ማንን እንዴት እንደመታ ቢተረክ፣ ደማቸው ይሞቃል። ይስማው ሥራ ያግኝ ብዬ ይስማውን ላስገድለው?»

ተሰናብቻቸው ሄድሁ። ፈራሁም።

አስማረን አውድማው ላይ አገኘሁት፤ ገብስ እያበራየ ነው። ቀኝ ክንዱ ከክርኑ በታች ጎበጥ ብሏል። ጉዳዬን ስነግረው በሬዎቹን መንዳቱን አላቆመም።

«የምን ነገር?» አለኝ።

«ክንድዎ...»

«ክንዴ ደህና ነው።»

መጥሪያውን በእጁ ሰጥቼው ተመለስሁ። ከዚህ የተሻለ የማደርገው አልነበረኝም።

ወሩ ሊያልቅ አምስት ቀን ሲቀረው ይስማውን ቀጥቶት የነበረው ፍርድ ቤት ቀረብን። አስማረ ነጭ ጋቢውን ለብሶ መጣ። እውነቱን ሊናገር ማለ፤ እኔም በሆዴ፣ አሁን ይህ ምስኪን በግዝቱና በመሐላው መካከል ምን ሊሆን ነው አልሁ።

«ይስማውን ያውቁታል?» አሉት ዳኛው።

«አውቀዋለሁ።»

«ከዚህ በፊት ጉዳት አድርሶብዎታል?»

«ይለፈኝ።»

ዐቃቤ ሕጉ ተነሳ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ የጉዳቱ ፍርድ መዝገብ ላይ ተጽፎ ሳለ ምስክሩ ይለፈኝ ይላሉ። ካሳ ስለመከፈሉም የቀረበ ማስረጃ የለም» አለ። ልክ ነበር፤ በሱ ቦታ ብሆን እኔም የምለው ያንኑ ነው።

«ካሳ ተቀብለዋል?» አሉ ዳኛው።

አስማረ መሬት መሬት አየ። ይስማው አጠገቤ አንገቱን ደፍቷል፤ ትንፋሹ ይሰማኛል። አለቀልን አልሁ። ዳኛው ብዕራቸውን ሲያነሱ፣ ያላሰብሁበትን ጥያቄ ጠየቅሁ።

«ጋሽ አስማረ፣ ይስማው ለእርስዎ ምንዎ ነው?»

ቀና አለ።

«አበልጄ ነው።»

ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«ትንሹን ልጄን በአርባ ቀኑ ክርስትና ያነሳልኝ እሱ ነው» አለ አስማረ። «ልጁ ሲታመም አዝሎት የሚሮጠው እሱ ነው። እኔ ብሞት አሳድግ ያልሁትም እሱን ነው። ሰው ቂም የያዘበትን ለልጁ አባት ያደርጋል? የማውቀው ይህን ነው። ከዚህ ሌላ የለኝም።»

ዐቃቤ ሕጉ ተነሳ። «እኔም የእስቴ ልጅ ነኝ» አለ። «አበልጅ ማለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ተቃውሞ የለኝም።»

ዳኛው ውሳኔውን ከሰዓት በኋላ ለማንበብ ቀጠሩን። ተመልሰን ቆምን። «አመልካች ይስማው አውድማ ላይ በተነሳ ጠብ፣ የአቶ አስማረን ቀኝ ክንድ...» ብለው ሲጀምሩ ይስማውና አስማረ እኩል ዞረው ወጡ። በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት። ዳኛው በመነጽራቸው ላይ አዩኝ።

«ግዝት ነው፣ ክቡር ፍርድ ቤት» አልሁ።

ዳኛው ራሳቸውን ነቅንቀው ለኔና ለዐቃቤ ሕጉ አነበቡልን። ካሳው በእርቅ መጠናቀቁን ፍርድ ቤቱ ተረድቷል፤ አመልካቹ ተሰይሟል፤ ፍርዱ ከመዝገብ ይሰረዝ። ደስታዬ አላስቆም ብሎኝ ወረቀቱን እንደያዝሁ ሮጥሁ።

አጥሩ ጥግ ጀርባቸውን ለፍርድ ቤቱ ሰጥተው ቆመዋል። ይስማው ኮቴዬን ሰምቶ ዞረ።

«ምን አሉ?»

«ተሰይመሃል። ነገ ሄደህ ሥራህን ተረከብ።»

መሬት ላይ ቁጭ አለና ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ትከሻው ሲርገበገብ አይቼ እኔም አለቀስሁ። አስማረ ጎንበስ ብሎ በጎበጠው ክንዱ አነሳው።

«እንኳን ደስ አለህ አበልጄ» አለው። ቀጥሎ ወደኔ ዞረ። «ለመሆኑ ምን አድርጎ ነው ፍርድ ቤት ሲያመላልሱት የነበረው?»

ውሳኔውን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁት።

«እንጃ» አልሁ።