ማሽኑ አኩርፏል

«አኩርፏል» የሚለውን ቃል ለማሽን ያወጡት እሷና ባልደረባዋ ቀጮ ናቸው። ሁለቱም የአምቡላንስ ጥሪ የሚቀበል ፕሮግራም በሚሠራ ድርጅት ውስጥ ፕሮግራመሮች ነበሩ፤ ጠረጴዛቸው ጎን ለጎን፣ ሳቃቸው አንድ። አንድ ቀን ማሽኑ ሳይጠፋ፣ ስህተትም ሳያሳይ ጭጭ አለ። ቀጮ ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ ቆየና፣ «ይሄማ አኩርፏል» አለ።

«ማን አስቀይሞት?» አለች እሷ።

ፈልገው አገኙት፤ ሌላ ማሽን መልስ ነፍጎት ነበር። ከዚያ ወዲህ «አኩርፏል» በሁለቱ ዘንድ ቁርጥ ያለ ትርጉም ነበረው፦ ማሽኑ ደህና ነው፣ ግን የከለከሉት ነገር አለ፤ ያስቀየመውን ሳታገኝ ከወንበርህ ንቅንቅ እንዳትል።

ቃሉ ግን ከጠረጴዛቸው አልፎ ሄደ። የሽያጭ ሠራተኞቹ ወደዱት። ደንበኛ ደውሎ ሲጮህባቸው «አይ፣ ትንሽ አኩርፎ ነው፣ ይመለሳል» ይሉታል፤ ደንበኛውም ይስቃል፣ ነገሩም ይበርዳል። ኢንተርኔት ሲቋረጥ አኮረፈ፣ ፕሪንተሩ ወረቀት ሲያልቅበት አኮረፈ። ውሎ አድሮ «ያስቀየመውን ፈልግ» የሚለው ተረስቶ «ተወው፣ ራሱ ይታረቃል» የሚለው ብቻ ቀረ። መጀመሪያ ላይ እሷም ደስ ብሏት ነበር፤ የገዛ ቃልን በሰው አፍ መስማት ደስ ይላል።

ቀድሞ የደነገጠው ቀጮ ነው። ጥሪዎች መንገድ ላይ እየጠፉ መሆናቸውን ደረሰበትና በስብሰባ መሃል ተነሳ።

«ይሄ ኩርፊያ አይደለም። ሰው ይደውላል፣ ጥሪው የትም አይደርስም። ሌላውን ሥራ አቁመን እሱን እናስተካክል።»

አለቃቸው ፈገግ አለ። «አሁንስ አንተም አኮረፍክ?»

ሰዉ በሳቅ አውካካ። እሷንም ሳቁ አመለጣት። ቀጮ አያት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ «አኩራፊው» ሆነ፤ አቤት ባለ ቁጥር ያባብሉታል እንጂ የሚለውን የሚሰማው ጠፋ። ብዙም ሳይቆይ «ከባልደረቦቹ ጋር መግባባት አቅቶታል» ተብሎ ተሰናበተ።

አንድ ጠዋት አለቃዋ የተቀዳ ጥሪ እንድትሰማ ሰጣት። አንድ ሽማግሌ ሚስታቸው መተንፈስ እንዳቃታት ይናገራሉ። ስልክ ተቀባይዋ በትሕትና፣ «አባቴ፣ አድራሻዎ አልገባልኝም። ሲስተሙ አኩርፏል፤ ትንሽ ይታገሡኝ» ትላለች።

«ምን አደረገ?»

«አኩርፏል። ራሱ ይመለሳል።»

«ልጄ፣ እየሞተችብኝ ነው እኮ!»

ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ የሚሰማው የሰውዬው ትንፋሽ ብቻ ነው። አምቡላንሱ ሲደርስ የሴትየዋ ሕይወት አልፎ ነበር።

በዚያው ቀን ስለ ጉዳዩ ስብሰባ ተጠራ። የአደጋው ምክንያት «ኩርፊያ» ተብሎ ተጽፎ ቀረበ።

«ይሄ ምክንያት አይደለም» አለች። «እኔና ቀጮ ለቀልድ ያወጣነው ቃል ነው! ማሽን የምን ኩርፊያ ያውቃል? ያስቆመው ነገር አለ፤ እሱን እንፈልግ።»

«ቃሉ እኮ መመሪያችን ውስጥ ገብቷል» አለ አለቃዋ ለዘብ ብሎ። «ማንም ያውቀዋል። አንቺ ደክሞሻል፤ ትንሽ እረፊ።»

ቀና ብሎ ያያት ሰው አልነበረም።

ቀጮ ከተባረረ ወዲህ ስልክ ወደሚጠግንበት ሱቅ ሄደች፤ መጥቶ እንዲመሰክርላት ለመነችው። ሆዱ በተዘረገፈ ስልክ ላይ እንዳቀረቀረ ሰማት።

«የኔ እህት፣ ማን ይሰማኛል?» አለ በመጨረሻ። «ተባረረና አኮረፈ ነው የሚሉኝ።»

«ያን ቀን ስስቅ አይተኸኛል» አለችው።

«አይቼሻለሁ።»

ሥራውን ቀጠለ። ደንበኛ ሲገባ ወንበሩን ለቃ ወጣች።

ከእረፍት ስትመለስ የአደጋው ምርመራ «ኩርፊያ» ተብሎ ተዘግቷል። ጥሪዎቹ አሁንም አልፎ አልፎ ይጠፋሉ። የሚጠፉበትን ቦታ ብቻዋን ፈልጋ አግኝታዋለች፤ ያን የፕሮግራሙን ክፍል ለመንካት ግን የአለቃዋ ፈቃድ ያስፈልጋታል። ጠይቃለች። እስካሁን መልስ የለም።