እንቁላል ጥላ የምታጠባዋ

መጀመሪያ የተሰማን ውሃ ነው። ተንቦጫረቀና ዝም አለ። ከዚያ አንድ ነገር ጥልቅ ሲል ሰማን። ስልሳ ሦስት ተማሪዎች ጥቁር መስታወት ላይ አፍጥጠናል።

ዘመኑ 1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ከአዲስ አበባ በሳተላይት ይመጣ ነበር፤ ቴሌቪዥኑን ፕላዝማ እንለዋለን። የኛ የዘጠነኛ ‹‹መ›› ፕላዝማ ምስሉ ከጠፋ አራት ወር አልፎታል፤ ድምፁ ግን ደህና ነው። ሌላው ክፍል እያየ ሲማር እኛ ጆሯችንን አቁመን እንማራለን። ጓደኞቼ ያማርራሉ፤ እኔ እንኳ ተመችቶኝ ነበር። ምስል ከሌለ ምስሉን የምሠራው እኔ ነኛ።

የፕላዝማዋ አስተማሪ ትንፋሽ ሳትወስድ በእንግሊዝኛ ታወራለች። ጸጉር አላት አለች። መንቁሯ የዳክዬ ነው አለች። እንቁላል ትጥላለች፤ ሲፈለፈሉም ወተት ታጠባለች አለች። ከዚያ የመዝጊያው ሙዚቃ መጣ፤ ቀሪው አሥር ደቂቃ የባዮሎጂ መምህራችን ሆነ።

ቲቸር ገብረእግዚአብሔር የደብረ ታቦር ሰው ነው። ቀጭን፣ ቁጡ፣ ጠመኔውን እስከ ጥፍሩ ድረስ የሚጨርስ። በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ እጄን አወጣሁ።

‹‹ቲቸር፣ እንቁላል ትጥላለች ነው ያለችው?››

‹‹ማን?››

‹‹ያቺ ጸጉር ያላት።››

ክፍሉ አውካካ። ‹‹ዳምጤ የፍየል እንቁላል ሊጠብስ ነው!›› አለ አንዱ ከኋላ።

ቲቸር ወደ ጥቁሩ መስታወት ትንሽ አየ። እሱም ከኛ የተሻለ ያየው ነገር አልነበረም። ‹‹አይደለም ዳምጤ። ፕሮግራሙ ወደ ወፎች ተሻግሮ ነው፤ ምስል ስለሌለ ተምታቶብህ ነው። የሌሊት ወፍ ክንፍ አላት፣ ግን ትወልዳለች። ጫሞ ሐይቅ ያለው ጉማሬ ውሃ ውስጥ ይኖራል፣ ግን ይወልዳል። ጻፉ፤ አጥቢ እንስሳት በሙሉ ልጅ ይወልዳሉ።››

ሁላችንም ጻፍን። እኔም ጻፍኩ። ወደ ቤት ስመለስ ግን የኩልፎ ወንዝ ድልድይ ላይ ቆሜ ከሥር የዛፍ ሥር በወጣበት፣ ውሃው በሚዞርበት ጥግ ፈለግኳት። እንደማትኖር አውቃለሁ። ቢሆንም በማግስቱም ቆምኩ።

የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና ላይ ጥያቄ አሥራ ሰባት ይኸው መጣ። ሁሉም አጥቢ እንስሳት ልጅ ይወልዳሉ፤ እውነት ወይስ ሐሰት? ስልሳ ሁለቱ እውነት አሉ። እኔ ሐሰት አልኩ። ደፍሬ አይደለም። ሁለት ወር ሙሉ በሐሳቤ ሳኖራት የከረምኩትን እንስሳ የለችም ብዬ በእጄ መጻፍ አልሆንልህ አለኝ።

ካርድ ሲሰጥ ድምሬ አራት መቶ ዘጠና ዘጠኝ ነበር። ለማለፍ አምስት መቶ ያስፈልጋል። ከታች በቀይ ‹‹ወድቋል›› ይላል።

ይኼ ለኛ ቤት ቀላል ነገር አልነበረም። አባቴ ገና ጡት ሳልጥል ነው የሞተው። የእናቴ ወንድም አጎቴ ወልደ ሚካኤል አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነው። ከኛ አገር ከጨንቻ የወጣ ልጅ መጨረሻው እዚያ የሽመና ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ከትቶ መወርወሪያ መወርወር ነው ይላል፤ ክፋት የለውም፣ እሱም በስምንት ዓመቱ የገባበት ነው። እናቴ ልክነሽ ደግሞ ቃል ሰጥታዋለች፤ ካለፈ ይማራል፣ ከወደቀ ትወስደዋለህ።

አጎቴ ቅዳሜ ከሰዓት ሊወስደኝ መጣ። ሰኔ ነው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ልብሴ በፌስታል ታስሮ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። አጎቴ ጣቶቼን አንድ በአንድ እየዳሰሰ፣ ‹‹ቀጭን ናቸው፣ ለክር ጥሩ ናቸው›› አለ። እናቴ በጋሞኛ የሆነ ነገር ልትለው ጀመረችና ተወችው።

ያኔ ነው ቲቸር ዣንጥላውን አጥፎ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ በሩ ላይ የቆመው።

‹‹ውይ መምህር! ይግቡ፣ ይግቡ።›› እናቴ በርጩማውን በቀሚሷ ጠረገች። ሙዝ አቀረበችለት። አልነካውም። ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ።

‹‹ወይዘሮ ልክነሽ፣ ልጅዎ አልፏል። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።››

ወረቀቱ አዲስ ካርድ ነው። አምስት መቶ ይላል፤ ማህተሙ ገና አልደረቀም።

‹‹አንድ ማርክ?›› አለ አጎቴ። ‹‹ለአንድ ማርክ ነው እንዲህ ዝናብ የመታዎት?››

‹‹ዓመቱን ሙሉ አፉን የማይከፍት ልጅ እኔ ያልኩትን አልቀበልም ብሎ ሲጽፍ መጀመሪያ ተናደድኩ። ከዚያ እንቅልፍ ነሳኝ። ትናንት ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ሁለት ሰዓት አነበብኩ።›› ወደ እኔ ዞረ። ‹‹ፕላቲፐስ ትባላለች። አውስትራሊያ ነው ያለችው። እንቁላል ትጥላለች፣ ታጠባለችም። ውሃ ውስጥ ዓይኗን ጨፍና በመንቁሯ እየዳሰሰች ነው የምታድነው፤ እንደናንተ ክፍል።››

ሲቀልድ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

‹‹እንቁላልም ወተትም?›› አለች እናቴ። ‹‹በጾም አንድም ነገሯ አይበላማ!››

‹‹ሌሎቹስ?›› አልኩ። ‹‹እውነት ያሉት?››

‹‹አልቀነስኩባቸውም። ያሳሳትኳቸው እኔ ነኝ። ሰኞ ዳይሬክተሩ ባለበት ለሁሉም እነግራለሁ።››

አጎቴ አልተረታም። ‹‹እንቁላል ከጣለች አዞ ናታ! ጫሞ ዳር ሞልቶ የለ?››

‹‹አዞ አሸዋ ውስጥ ትቀብራለች። ይቺ ወንዝ ዳር ጉድጓድ ምሳ፣ አንዳንዴ አንድ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት እንቁላል ትጥላለች። ቅርፊቱ እንደ ዶሮ አይደለም፣ እንደ ቆዳ ለስላሳ ነው። ጅራቷን ወደ ሆዷ አጥፋ አሥር ቀን ያህል ታቅፈዋለች። ሲፈለፈሉ ባቄላ ነው የሚያክሉት፤ ዓይናቸው አልተገለጠ፣ ጸጉር የላቸው። እሷ ደግሞ ጡት የላትም።››

‹‹ታዲያ በምኗ ታጠባለች?›› አለች እናቴ።

‹‹ወተቱ ከሆዷ ቆዳ እንደ ላብ ይወጣል። ልጆቹ ከጸጉሯ ላይ እየላሱ ያድጋሉ። ለላምና ለፍየል ጡት ተሰጥቷቸዋል፤ ለዚህች አልተሰጣትም። ቢሆንም አጠባች።››

እናቴ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ‹‹የኔ እናት›› አለች፣ ለማታውቃት አውሬ።

ዝናቡ ትንሽ ጋብ አለ።

‹‹ወንዱስ?›› አለ አጎቴ፣ ቀስ ብሎ።

‹‹ወንዱ የኋላ እግሩ ላይ መርዝ ያለው እሾህ አለው። ለልጅ ማሳደጉ ግን አያግዛትም። ብቻዋን ናት።››

አጎቴ እህቱን አያት። እሷ ካርዱን በሁለት እጇ ይዛ፣ ማንበብ ባትችልም ማህተሙን እያየች ነበር።

ከዚያ ወዲህ ትልልቅ ሰዎች ሲሳሳቱ ብዙ አይቻለሁ። አብዛኞቹ ያልፉታል፤ አንዳንዱ በሌላ ያላክካል። ኩልፎን ተሻግሮ፣ በጭቃ ተራምዶ፣ ከእናቴ ፊት ‹‹የተሳሳትኩት እኔ ነኝ›› ያለልኝ ሰው አንድ ነው። ያን ዕለት አመሰግናለሁ እንኳ አላልኩትም። ያደረግኩት ነገር ቢኖር አንድ ሙዝ ልጬ በእጁ ማስያዝ ነው። በላው።

ቲቸር ሙዙን ሳይጨርስ አጎቴ ተነሳ። ኮቱን ቆለፈ። በሩ አጠገብ ጎንበስ አለና ልብሴ ያለበትን ፌስታል አንስቶ አልጋዬ ላይ አስቀመጠው። ‹‹ወልዴ፣ ወዴት ነው?›› አለችው እናቴ።  ዝናቡ ውስጥ ገባና በመናኸሪያው መንገድ ብቻውን ሄደ።