ሚስት ሳንድርልህ

«ያቺን ቻይናዋን ጥሯትማ! ለነኣኽበረት ሻይ ትቅዳላቸው» አለች ውባንቺ፣ እግሯን ፍራሹ ላይ እያጠፈች።

የሻረግ ሰማች። ጥቁር ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ፣ ግድግዳውን ተደግፋ፣ የልቅሶው ባለቤት ሆና ተቀምጣለች። ልጇ ቃለጽድቅ ሮም ከተማ በዝናብ ቲቡርቲና መንገድ ላይ ከነሞተር ሳይክሉ ተንሸራቶ ከሞተ ወዲህ ከዚያ ፍራሽ ላይ በራሷ ፈቃድ አልተነሳችም። ሐዘንተኛ ሥራ አይነካም፤ ሰው ያነሳዋል፣ ሰው ለምኖ ያጎርሰዋል። አስከሬኑን ሆስፒታሉ እስካሁን ይዞት ቆይቶ ገና ዛሬ ጠዋት ነው ፈቃዱ የመጣው፤ ቀብሩ ነገ ነው።

«ቻይናዋ» ትሪ ይዛ ከኩሽና ወጣች። ስሟ ማሪቬል ነው። አገሯም ቻይና ሳይሆን ፊሊፒንስ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ የቃለጽድቅ ሚስት ናት። ልጁ ካገባ ወዲህ ኦስቲያ የሚባል የባሕር ዳር ሰፈር ገብቶ ከሐበሻው ድግስም ከማኅበሩም ርቆ ስለኖረ፣ ይህን እዚያ ክፍል ውስጥ ከራሷና ከየሻረግ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

«ግራትሴ፣ ቤላ» ብላ በጣሊያንኛ አመሰገነቻት ውባንቺ ብርጭቆውን ተቀብላ። ወዲያው ወደ የሻረግ ጠጋ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሥራ ትችላለች በእውነት። ከየት አገኘሻት? የምሠራላት ሲኞራ አሮጊት እናቷን የምትጦር ባዳንቴ እየፈለገች ነው፤ ልቅሶው ሲያልቅ ታገናኚኛለሽ።»

የሻረግ ሻሿን አስተካከለች። «እሷን ጠይቂያት» አለች።

ማሪቬል ሁለት እርምጃ እልፍ ብላ ለኣኽበረት ስኳር እያቀረበች ነበር። አማርኛ ትሰማለች፤ ባሏ አስተምሯታል። የሻረግም እንደምትሰማ ታውቃለች። ሁለቱም ያውቃሉ፤ የከፋውም ይኸው ነው።

ነገሩ በስህተት ነበር የጀመረው። በመጀመሪያው ቀን ማሪቬል ከሆስፒታል በቀጥታ መጣች፤ ሁለቱ ሴቶች ኮሪደሩ ላይ ተቃቅፈው አለቀሱ። ከዚያ ሰው ጎረፈ። ማሪቬልም ዕንባዋን ጠርጋ ኩሽና ገባች። በእሷ አገር ልቅሶ ደራሽን ቆሞ የሚያስተናግደው የሟች ቤተሰብ ነው፤ እንግዳው ባዶ እጁን ሲቀመጥ ሟቹ የተናቀ ይመስላቸዋል። እና ባሏን ልታከብር ውሃ ጣደች፣ ዳቦ ቆረሰች። በእኛ ዘንድ ደግሞ ልቅሶ ቤት ቆሞ የሚሠራ ወይ ጎረቤት ነው ወይ ቅጥረኛ። ሮም ከተማም ትሪ የያዘች ፊሊፒናዊት ምን እንደሆነች ከወሰነች ቆይታለች። ውባንቺ ገና ከበር ስትገባ የረጠበ ካፖርቷን አውልቃ አሸከመቻት።

የሻረግ ያን አይታለች። «ኧረ ምራቴ ናት!» ማለት ብቻ ነበር። አፏ ተከፈተና ተዘጋ። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል ይባል የለ። ምክንያቱም ለማኅበርተኞቿ ስንት ዓመት ሙሉ «ቃልዬ ገና ነው፤ ከጎንደር የጨዋ ልጅ እያየሁለት ነው» ስትል ኖራለች። ካፖርቱን ለማስመለስ ያን ሁሉ ዓመት የተናገረችውን ማስመለስ ነበረባት። ነገ እነግራቸዋለሁ አለች። በማግስቱ ደግሞ «ትናንት ለምን ዝም አልሽ?» የሚለው መጣባት፤ ዝምታው እያደረ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ።

ንቀቱስ ከየት መጣ? ደርግ በወደቀ ማግስት የሻረግ ሮም ስትገባ ሲኞራ ኢርማ ቤት ተቀጠረች። ሲኞራዋ ክፉ ሴት አልነበረችም። ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር «ይቺ ፊሊፒናችን ናት፤ ኢትዮጵያዊት ናት» ትል ነበር፤ ለእሷ ፊሊፒና ማለት አገር ሳይሆን ሥራ ነው። የሻረግ ቤቷ ገብታ ጫማዋን እየወረወረች «እኔን! የቀኛዝማች የልጅ ልጅን ፊሊፒና!» ስትል ትንሹ ቃለጽድቅ ይስቅ ነበር። የተናደደችው ግን በሲኞራዋ አልነበረም። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቧ በሚቀመጡት፣ እንደሷው እጃቸው በበረኪና በተላጠ ፊሊፒናውያን ሴቶች ነበር የተናደደችው። ፊቷን ወደ መስኮት ታዞርባቸው ነበር።

ያ ልጅ አድጎ ማሪቬልን ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ካለ ቡና ቤት ሲያስተዋውቃት፣ የሻረግ በአማርኛ «ለሠራተኛ ነው ያሳደግሁህ?» አለችው።

«አንቺስ ምንድን ነሽ፣ እማዬ?»

ይህን ሲል ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። የሻረግ ወደ ልጅቷ ዞራ በጣሊያንኛ ጠየቀቻት። «ለመሆኑ ዘርሽ ምንድን ነው? ስምሽ የስፔን፣ ዓይንሽ የቻይና።»

ማሪቬል ሳቀች፤ ከልቧ ነበር የሳቀችው። «ሁሉም ነኝ፣ ማማ። አያቴ ቻይናዊ ነበር፤ ሱቅ ነበረው። የመንደሩ ሰው በዱቤ እየበላ ‹ቻይናው› ለማለት ‹ኢንቺክ› እያለ ይሰድበው ነበር። የሴት አያቴ ዘመዶች ደግሞ የስፔን ደም አለብን ባዮች ናቸው። አፍንጫቸውን በመስታወት እያዩ የሚውሉ። ሠርጋቸው ላይ አንድም ሰው አልመጣም። አያቴ እስክትሞት ድረስ ታለቅስበት ነበር።»

የሻረግ ገብቷታል። የገዛ አክስቷ የሸክላ ሠሪ ልጅ ወዳ፣ «ቡዳ ነው» ተብሎ ቤት እንደተዘጋባት ትዝ ብሏት ነበር። ቢሆንም ሁለቱ በኮሙኔ፣ በማዘጋጃ ቤቱ፣ ሲጋቡ «ሥራ አለብኝ» ብላ ቀረች። ሥራ አልነበራትም። አልጋዋ ላይ ተኝታ ጣሪያ ስታይ ዋለች። ከዚያ በኋላ ልጇ ብቻውን እየመጣ ይጠይቃት ነበር፤ ስለ ሚስቱ አንስቶባት አያውቅም፤ እሷም አልጠየቀችውም።

ከሰዓት በኋላ የሻረግን ፊቷን እንድትታጠብ ሴቶቹ ደግፈው እስከ መታጠቢያ ቤት አደረሷት። ማሪቬል ፎጣ ይዛ ተከተለችና በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችው።

«ማማ፣ ነገ ቀብር ነው።» ጣሊያንኛውንና አማርኛውን እየቀላቀለች ነበር የምታወራው። «ዛሬ አጠገብሽ መቀመጥ እፈልጋለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ። ሰዎቹ ሳይሄዱ።»

«እሺ፣ ትንሽ ቆይ...»

«ሻይ መቅዳት አይከብደኝም። ለባሌ ለቃል ነው የቀዳሁት። ግን ነገም ትሪ ይዤ አልመጣም። ዛሬ ካልሆነ ነገ ቀብሩ ላይ ከኋላ ከማያውቁት ሰዎች ጋር እቆማለሁ። ቀብሬ እሄዳለሁ። ከዚያ አታገኚኝም።» ፎጣውን አቀብላት ወጣች።

የሻረግ ውሃውን ከፍታ ብዙ ቆየች። እፍረት የሚባለው ነገር መልኩን ቀይሮባት ነበር። እስካሁን የምታፍረው ሰዎቹ እንዳያውቁባት ነበር፤ አሁን ግን መስታወቱን ቀና ብላ ማየት አልቻለችም።

ስትመለስ ውባንቺ የነገውን ታዘጋጃለች። እንዲህ ባለው ነገር ውባንቺን የሚያህል የለም።

«አሎራ፣ እንግዲህ፣ ፎቶውን ይዞ ከሬሳው ፊት የሚሄደው ማን ይሁን? እህት የለው፣ ወንድም የለው፣ ሚስት የለው። ወይኔ ቃልዬን! ለብቻው መጥቶ ለብቻው ሄደ!» አለችና ሆድ ባሳት። ደረቷን እየመታች ድምፅዋን አወጣችው፦

«ምነው አንተ ጎበዝ፣ ምን አስቸኮለህ፣
ሚዜ ሳይከብህ፣ ሚስት ሳንድርልህ!»

ቤቱ በእዬዬ ተናጋ። ሳያገባ የሞተ ልጅ ልቅሶው ሌላ ነው፤ ሴቶቹ ያላዩትን ሠርግ እያለቀሱ ወገባቸውን ያዙ። ማሪቬል የተጠጡ ብርጭቆዎች ስትሰበስብ ባለችበት ደርቃ ቀረች። ትሪውን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ካፖርቷ ወደተሰቀለበት ወደ በሩ ዞረች።

«አግብቷል» አለች የሻረግ።

የሰማት የለም።

«አግብቷል እላችኋለሁ!» ጮኸች። «ሚስት አለው! ዝም በሉ!»

እዬዬው ተቆረጠ። ውባንቺ እጇን ደረቷ ላይ እንዳደረገች ቀረች። «የሹዬ፣ ሐዘኑ ነው፤ አይዞሽ...»

«ሐዘኑ አይደለም። ሚስቱ ይቺ ናት። ሻይ ስታስቀዷት የሰነበታችሁት፤ እኔም እያየሁ ያስቀዳኋት። በኮሙኔ አግብቷታል። ከሠርጉም የቀረሁት እኔ ነኝ። የዋሸኋችሁም እኔ ነኝ።»

ኣኽበረት የያዘችውን ብርጭቆ የት እንደምታኖረው ጠፋት። ውባንቺ ወደ ማሪቬል ቀና ብላ አይታ ወዲያው ዓይኗን መለሰች፤ ፊቷ በርበሬ መስሏል። ማሪቬል እጇ ካፖርቷ ላይ ነው።

የሻረግ ግድግዳውን ተደግፋ በራሷ ተነሳች። ሊደግፏት የተነሱትን በእጇ አገደች። መሐል ቤቱን አልፋ ማሪቬል ዘንድ ደረሰችና ይቅር በይኝ ልትል አሰበች። ግን ክንዷን ይዛ አመጣቻት፤ እሷ ስትቀመጥበት በሰነበተችበት በግድግዳው በኩል አስቀመጠቻትና ራሷ ከጎኗ ተቀመጠች።

ማሪቬል አልተደገፈችባትም። ቀጥ ብላ ተቀመጠች። የሻረግም ፊቷን ልታይ አልደፈረችም፤ የማሪቬልን እጅ ብቻ ወደ ራሷ ጭን ሳበች። እጁ ከብርጭቆ እጥበቱ ገና እንደረጠበ ነው፤ ቆዳው ተሸብሽቧል። የነጠላዋን ጫፍ ይዛ ጣቶቿን አንድ በአንድ ታደርቅላት ጀመር፤ የጋብቻ ቀለበቷ ጋ ስትደርስ ግን ነጠላዋን ለቀቀች።