የመስመር አራት ዳኛ

የውሃ መርማሪው ውሃን የሚያውቀው በጠርሙስ ነው። ከተማው የሚጠጣውን በየማለዳው እየቀዳ፣ በብልቃጥ እየናጠ፣ ምን እንዳለበትና ምን እንደሌለበት ይናገራል። ገብቶበት ግን አያውቅም። ልጁ ሚጣ መዋኘት ስትጀምር "እኔ ከደረቅ ወገን ነኝ" ብሎ ነገሩን ሁሉ ለእናቷ ተወ። እናትና ልጅ በውድድር ቀን ፎጣቸውን ሸክፈው በጠዋት ይወጣሉ፣ አመሻሽ ላይ ክሎሪን ክሎሪን እየሸተቱ ይመለሳሉ። እሱ በሩን ከፍቶ "አሸነፋችሁ?" ይላል። ሁለቱ ተያይተው ይስቃሉ። ጥያቄው ምኑ እንደሚያስቅ አንድም ቀን አልነገሩትም።

እናቷ ካረፈች ወዲህ ሚጣን ወደ ውድድር የሚወስዳት አሰልጣኟ ነበር። ሄዳ በተመለሰች ቁጥር ቦርሳዋን ኮሪደሩ ላይ ጥላ "ተሰረዝኩ" ትላለች። በደረት ዋና ግድግዳው ጋ ሲደረስ በሁለት እጅ እኩል መንካት ግዴታ ነው፤ እሷ በአንድ እጅ ትነካለች። በክለባቸው ገንዳ፣ በልምምድ ሰዓት፣ አንድ ጊዜ እንኳ ተሳስታ አታውቅም። የሰው ገንዳ ሲሄዱ ነው ነገሩ የሚበላሸው።

በመጨረሻ አሰልጣኙ ደወለ።

"ጋሼ፣ እኔም ጨንቆኛል። አሁንም ከተሰረዘች ወደ ትንንሾቹ ልመልሳት ነው። የክለቡ ደንብ ሆኖብኝ ነው።"

ትንንሾቹ ማለት ክንዳቸው ላይ አየር የተነፋ ላስቲክ ታጥቀው የሚንቦጫረቁት ናቸው። ሚጣ ይህን ስትሰማ አላለቀሰችም። ሾርባዋን እያማሰለች "እንደዛ ከሆነ እተወዋለሁ" አለች።

መርማሪው ሳህኖቹን ሰብስቦ ተነሳ። ሳህን የሚያጥበውም አሁን እሱ ነው። ከሁለቱ ቢጫ የማጠቢያ ጓንቶች የቀኙ የት እንደገባ ሊያገኘው ስላልቻለ በግራው ብቻ ያጥባል፤ ቀኝ እጁ ተላልጧል። እያጠበ አሰበ። በዚህ ቤት እንደ ድሮው የቀጠለ ነገር ቢኖር ይህ ዋና ብቻ ነው። እሱም እንዲቆም አልፈለገም።

ስለዚህ የውድድሩ ቀን ከሥራ ፈቃድ ወሰደ። ማለዳ የቀዳውን ናሙና አስረክቦ፣ ነጭ የሥራ ሸሚዙን እንኳ ሳይቀይር፣ ልጁን ይዞ ገሰገሰ።

አዳራሹ በር ላይ ሙቀትና ጫጫታ አንድ ላይ ተቀበሏቸው። ወላጆች ወንበርና ብርድ ልብስ ዘርግተው፣ ከቤት እንደተፈናቀለ ሰው ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ሰፍረዋል። ከነሱ መሃል የመንታዎቹ እናት ነበረች፤ ሁለት ወንዶች ልጆቿን ይዛ በየገንዳው ስትንከራተት ዓመታት የቆጠረች ሴት ናት።

"የሚጣ አባት፣ ክንዷ ላይ ጻፍላት እንጂ።"

"ምን ልጻፍ?"

"ውድድሩን፣ ምድቡን፣ መስመሩን። አለዚያ ከማንም ጋር ዘላ ትገባለች።"

ይህስ የሚያውቀው ሥራ ነው። ቀለሙ በውሃ የማይለቀውን ብዕሩን ከደረት ኪሱ አወጣና እንደ ናሙና ጠርሙስ ጻፈባት፤ የተቀዳበት ቀን፣ የተቀዳበት ቦታ፣ የቀጂው ፊርማ፣ "በቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ"። ዋናዎቹ ሦስት ቁጥሮች ክርኗ ሥር ተጣበው ገቡ።

"አባዬ፣ እናዬ ሦስት ቁጥር ብቻ ነበር የምትጽፈው።"

"ቢበዛ ምን ይጎዳል?"

ሚጣ ክንዷን አዙራ አነበበች። "የቀዳኝ ማነው?"

"እኔ ነኛ።"

ልጅቷ ወደ ጓደኞቿ ሮጠች። መርማሪው ወደ መንታዎቹ እናት ዞረ። "ስንት ሰዓት ላይ ነው የምትዋኘው?"

"እሱን ማንም አያውቅም። ቀኑን ሙሉ ተቀምጠህ ትጠብቃለህ። ከዚያ የጫማህን ክር ልታስር ጎንበስ ስትል ዋኝታ ትወጣለች።"

"ማሸነፏን በምን አውቃለሁ?"

ሴትዮዋ ሳቋን ለመደበቅ ቴርሞሷን ከፈተች። "አይ አንተ። ማሸነፍ ምን ያደርጋል? ከባለፈው ትንሽ ከፈጠነች ማስቲካ ትገዛላታለህ። ካልፈጠነችም ትገዛላታለህ።"

መርማሪው ይህን እያሰላሰለ የሚቀመጥበት ቦታ ሲፈልግ አንድ እጅ ክንዱን ጨበጠው። የእጁ ባለቤት አንገቷ ላይ ፊሽካ ያንጠለጠለች፣ ሰፊ ነጭ ሸሚዝ የለበሰች ጠና ያለች ሴት ነበረች። ዋና ዳኛዋ ናት። ዙሪያዋን የቆሙት ዳኞች ሁሉ ነጭ ሸሚዝ ለብሰዋል።

"አርፍደሃል፣ ወንድሜ።"

"እኔ እንኳ፣ እትዬ፣ አባት ነኝ።"

"እዚህ ያለነው ሁላችንም የሆነ ሰው አባት ወይም እናት ነን። መስመር አራት።"

"ስለ ዋና የማውቀው ነገር የለም።"

"ጎሽ። የሚያውቁት ናቸው ሲያስቸግሩኝ የኖሩት።" እየጎተተች ገንዳው ጫፍ ላይ አቆመችው። "እዚህ ቆመህ ታያለህ። ልጁ ካጠፋ እጅህን ታነሳለህ፤ እሰርዘዋለሁ። ካላጠፋ እጅህ እታች። በቃ።"

ፊሽካው ተነፋ። ልጆቹ ዘለው ገቡ። መርማሪው ጥፋት የሚባለው ምን ምን እንደሆነ አለመጠየቁ ትዝ አለው። በትምህርት ቤትም፣ በመሥሪያ ቤት ስብሰባም እንደለመደው ለጥያቄ እጁን አነሳ።

"መስመር አራት ተሰርዟል" አለ ድምፅ ማጉያው።

ዋና ዳኛዋ ከተፍ አለች። "እግሩ ነው አይደል?"

"እኔ እንኳ ጥያቄ..."

"እኔም ከሩቅ ጠርጥሬው ነበር። እግሩን እንደ መቀስ ነው ያደረገው።" ጽፋ ሄደች።

መርማሪው ስህተቱን ለማረም ሲቻኮል የሚቀጥለው ምድብ ገንዳው ውስጥ ነበር። "እትዬ" ብሎ እጁን አውለበለበ። መስመር አራት ተሰረዘ። ለዚህኛውም ዳኛዋ ራሷ ምክንያት አገኘችለት፤ ትከሻው አንድ ወገን ዘንበል ብሏል። ቀጥሎ ሙቀቱ መነጽሩን ሲያደበዝዝበት ሊወለውል እጁን ወደ ፊቱ ወሰደ። ያኔ የተሰረዘው ከመንታዎቹ አንደኛው ነበር። መስመር አምስት የነበረው ወንድሙ የሱን ቦታ ወስዶ አንደኛ ወጣ፤ ሁለቱ ፎጣቸውን ተከናንበው መኮራረፍ ጀመሩ።

ከዚያ በኋላ መርማሪው ሁለት እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ይህ ደግሞ የባሰ አስፈሪ አደረገው። ቀዝቃዛ ሰው ተባለ። መስመር አራት የደረሳቸው ልጆች ሆዳችንን አመመን ይሉ ጀመር። አንድ አያት ብርቱካን ልጠው አመጡለት። አንዲት እናት ወንበር አመጣችለት፣ ቁጭ ካለ እጁን ለማንሳት ይሰንፋል ብላ ይመስላል። የመንታዎቹ እናት ግን ባዶ እጇን መጣች።

"የሚጣ አባት፣ እኔ ምን አደረግኩህ?"

"መነጽሬን ልጠርግ ብዬ ነው።"

"በልጄ?"

ዋና ዳኛዋ በበኩሏ ለሌሎቹ ዳኞች በጣቷ እያሳየች "እንዲህ ያለ ዓይን አይቼ አላውቅም" ትላለች። እውነቱን ሊነግራት ሦስቴ ሄደ። ሦስቴም "አትጨነቅ፣ የጀመረ ሁሉ ይጸጽተዋል" ብላ መለሰችው።

የሚጣ ውድድር ሲጠራ ልጆቹ ከኋላው ተሰለፉ። ሚጣ ከሰልፉ ወጥታ ሸሚዙን ሳብ አደረገች።

"ልጆቹ ምን እንደሚሉህ ታውቃለህ? ላጲሱ።"

"ተይኝ እስቲ። ይልቅ ስሚኝ፣ በሁለት እጅሽ ንኪ። እሺ? ሁለቱንም እኩል።"

"አውቃለሁ እኮ።"

"ካወቅሽ ለምንድነው በአንድ የምትነኪው?"

ሚጣ የዋና መነጽሯን አወረደች። ዓይኗ ሩቅ አያይም፤ ደህናውን መነጽሯን ደግሞ ይዛ አትገባም። "ግድግዳው የት ጋ እንደሆነ አይታየኝማ። የኛን ገንዳ በልቤ አውቀዋለሁ። እዚህ ሳላስበው ይመጣብኛል፣ አንዱ እጄ ይቀድማል።"

"ድሮስ እንዴት ነበር?"

"እናዬ መስመሬ ጫፍ ላይ ሰዓት ትይዝ አልነበር? እጇን ታነሳልኝ ነበር። እጇ ሲታየኝ ሁለቱን እዘረጋለሁ።" ቦርሳዋ ውስጥ ጎርጉራ አንድ ነገር አወጣች። "በዚህ።"

ቢጫ የሳህን ማጠቢያ ጓንት ነበር። የቀኝ።

መርማሪው ተቀበለው።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንተ ከደረቅ ወገን ነሃ።"

ተጠሩ። ሚጣ የመስመር አራት መነሻ ላይ ወጣች፤ እሱ ወደ መድረሻው ጫፍ ተሻግሮ ጓንቱን አጠለቀ፤ ልክ ቤት እንዳለው እንደ ግራው ጠበበው። ነገሩን እንደ ሥራው በሥርዓት ሊያስበው ሞከረ። እጁን ካላነሳ ግድግዳው አይታያትም፤ በአንድ እጅ ትነካለች፤ ያኔ እጁን ማንሳት ግዴታው ነው፤ ትሰረዛለች። እጁን ካነሳ በሁለት እጅ ትነካለች፤ ነገር ግን እጁ ተነስቷል፤ ትሰረዛለች። ሁለቱንም መንገድ ደጋግሞ ሄደበት። ሁለቱም የሚያልቁት ክንዳቸው ላይ ላስቲክ ከታጠቁት ልጆች ዘንድ ነው።

ፊሽካው ተነፋ። ሚጣ እንደ እንቁራሪት እየተሰበሰበች እየተዘረጋች መጣች። ጭንቅላቷ ብቅ ባለ ቁጥር አፏ ይከፈታል፣ ዓይኗ የሚያየውን ፈልጎ አጥቶ ይመለሳል። ሌሎቹ ቀድመዋት ነክተዋል። መሃሉን ስታልፍ መርማሪው ማሰቡን ተወው። ቢጫውን እጅ ክንዱ እስኪያመው ድረስ ወደ ላይ ዘረጋው።

አዳራሹ ጸጥ አለ። ላጲሱ ገና ሳትደርስ ነው ያነሳው። ጓንት አድርጎ ደግሞ።

ሚጣ ብቅ አለች፣ አየችው፣ ወረደች። ሁለት መዳፎቿ አንድ ላይ ግድግዳው ላይ አረፉ።

"መስመር አራት ተሰርዛለች" አለ ድምፅ ማጉያው።

ዋና ዳኛዋ ብዕሯን አዘጋጅታ ደረሰች። "እጅ ነው?"

"እጇ ልክ ነበር። ሁለቱም፣ እኩል።"

"እግር ነዋ።"

"እግሯም ደህና ነው።"

"ትከሻዋ ግን ትንሽ..."

"ትከሻዋም፣ እትዬ። ምንም አላጠፋችም።"

"ታዲያ ለምን አነሳህ?"

"ግድግዳው እንዲታያት።"

ሴትዮዋ የደንቡን መጽሐፍ ከኋላ ኪሷ አውጥታ ገለጠች፣ ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት። "ለዚህ ቁጥር አልተሰጠውም።"

"ልጄ ናት።"

"ዳኛ ልጁን አይዳኝም። ለምን አልነገርከኝም?"

"ጠዋት አባት ነኝ ብዬሽ ነበር።"

"አባት ነኝ አልክ እንጂ የሷ ነኝ አላልክም።"

"ዳኛም አይደለሁም። ሸሚዙ የመሥሪያ ቤቴ ነው። ውሃ መርማሪ ነኝ።" እዚህ ላይ አንድ ነገር ገባው፤ ልጁን ለማዳን የዛሬውን ቀን በሙሉ ማፍረስ አለበት። ጉሮሮውን ጠረገ። "የመጀመሪያው ልጅ ላይ ያነሳሁት ልጠይቅሽ ነበር። ሁለተኛው ላይ ስለ መጀመሪያው ልነግርሽ። ሦስተኛው መነጽር ነው።"

ዋና ዳኛዋ ለረጅም ጊዜ አየችው። መቀሱ እግር፣ የዘመመው ትከሻ፣ ሁሉም ራሷ ያየቻቸው ነበሩ። መጽሐፉን ዘጋች።

"ግድግዳን ማሳየት እርዳታ ነው ብዬ ላስብ ነበር" አለች ቀስ ብላ። "ግን ግድግዳው የሁሉም ነው። የተደበቀም አይደለም። ዳኛ ካልሆንክ ደግሞ ያነሳኸው እጅ እጅ ብቻ ነው።"

ወደ ድምፅ ማጉያው ሄደች። ብዙም ሳይቆይ ማጉያው ላይ የሚናገረው ሰው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ከጠዋት ጀምሮ መስመር አራት ላይ የተሰረዙ ልጆች በሙሉ መመለሳቸውንና የተሰጡ ሜዳሊያዎች እንዲመለሱ ተናገረ። ሻወር ገብተው የነበሩ ልጆች ሳሙናቸውን ሳይለቁ ወጡ። ከመንታዎቹ አንደኛው የወንድሙን ሜዳሊያ ሊቀበል ቆመ፤ ወንድሙ ሜዳሊያውን አፉ ውስጥ ከተተው። እናታቸው ሁለቱን ትታ ወደ መርማሪው መጣች። ሊሸሽ ሲል ብርድ ልብሷን አቀበለችው። "ለልጅቷ ነው፣ በርዷታል" ብላ ተመለሰች።

ሚጣ ብርድ ልብስ ተጠቅልላ "መጨረሻ ወጣሁ" አለችው።

"ግን ወጣሽ።"

"ወጣሁ።"

ከዋና ዳኛዋ ጋር የተለያዩት በሩ ላይ ነው። "ሁለተኛ ነጭ ለብሰህ እንዳትመጣ" አለችው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጨመረች፦ "ሰዓት ያዥ ግን ይጎድለናል። ሰዓት ያዥ እጁን ቢያነሳ ማንም ግድ የለውም።"

ፌርማታው ላይ ሲቆሙ የሚጣ ክንድ ላይ ያለው ጽሕፈት አንድ ፊደል እንኳ አልለቀቀም። መርማሪው ጓንቱን አውልቆ አየው። ቤት ያለው ግራው ትዝ አለው። ኪሱ ሊከተው ሲል ሚጣ እጇን ዘረጋች።

"ይሄ የቤት አይደለም፣ የገንዳ ነው።"

ሰጣት። አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ መለሰችው። ይህን ጊዜ አውቶቡሱ ሲመጣ አየው፣ ደግሞም ሲያልፍ አየው። ሁለተኛውም አለፈ። መርማሪው እጆቹን ኪሱ ከቶ ቆሟል።

"አባዬ" አለች ሚጣ፣ "አንሳ እንጂ። የሚሰረዝ የለም።"