ያልተበየደው ማጠፊያ

ወንድሜ በያጅ ነው። እኔ ነርስነት እንድማር የማሰልጠኛ ትምህርት ቤቱን በር ሠራ። ውሉ የቃል ነበር፤ እሱ የግቢውን በር፣ የመስኮቶቹን ፍርግርግና የመለማመጃ ክፍሉን አልጋዎች ይሠራል፤ እኔ እስክመረቅ ያለ ክፍያ እማራለሁ። የትምህርት ቤቱ ዲን የወንድሜን እጅ ጨብጦ፣ ከእንግዲህ ቤተሰብ ሆነናል አለው።

ቤተሰብነቱ ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀብንም። ወንድሜ የብየዳ መነጽሩን ሳያወልቅ ዲኑ ይመጣና "እግረ መንገድህን" ይለዋል። እግረ መንገዱን የደረጃውን መደገፊያ፣ እግረ መንገዱን የውኃ ታንከሩን መቆሚያ። ከዚያም እግረ መንገዱን የዲኑን የመኖሪያ ቤት በረንዳ፣ ከተማው ሌላ ጫፍ ላይ ያለውን። እኛ ተማሪዎቹ ለዲኑ "አቶ እግረ መንገድ" የሚል ስም አወጣንለት። ወንድሜ ስሙን ሲሰማ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ በብየዳው ብርሃን የተቃጠለ ዓይኑን በቀዝቃዛ ጨርቅ የምይዝለት እኔ ነበርኩ።

ወንድሜ በር ሲሰቅል አንድ ልማድ አለው። ከላይኛው ማጠፊያ አናት ላይ፣ በሩ ወደ ላይ ተነሥቶ እንዳይወልቅ የሚያግድ ቁራጭ ብረት ይገባል። እሷን የሚበይዳት ከባለቤቱ ጋር ሁሉን ነገር ሲጨርስ ብቻ ነው። እስከዚያ በሩ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ይቆለፋል፤ የሰቀለው ሰው ግን ሊያወርደው ይችላል። "ይቺን ስትመረቂ እበይዳታለሁ" አለኝ፣ ቁራጯን ኪሱ እየከተተ።

ጥፋቱ የተሠራው የትምህርት ቤቱ አዲስ ሕንፃ በተመረቀ ዕለት ነው። ዲኑ ማይክሮፎን ይዞ በእንግዶች ፊት ወንድሜን ወደ መድረክ ጠራው። "እኚህ ባለሙያ" አለ፣ "ይህን ውብ በር ለትምህርት ቤታችን በስጦታ አበርክተዋል።" ጭብጨባው ቀለጠ። ወንድሜ አፉን ከፈተ፤ የእንግዶቹን ፊት አየ፤ አፉን ዘግቶ እጅ ነሣ። በመስታወት የተለበጠ የምስጋና ወረቀት አሸክመው ሸኙት። ቤት ስንገባ ለምን ዝም እንዳለ ጠየቅሁት። "በሰው ፊት ላዋርደው?" አለኝ። ይሉኝታ ይዞት፣ የእኔን ትምህርት ከበሩ ጋር አብሮ በስጦታ ሰጠ።

ቆይቶ ዲኑ ለአማቹ ሱቅ የብረት መዝጊያ እንዲሠራለት ጠየቀው። ወንድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ አልችልም አለ።

የመጨረሻው ፈተና ጠዋት ዘበኛው በሩን ገርበብ አድርጎ መንገዱን በትከሻው ዘጋብኝ። "ያልከፈለ አይግባ ተብዬ ነው፣ ልጄ" አለ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። "አንቺን ደግሞ ለይተው ነው የነገሩኝ።" ፈተናው ካለፈኝ ዓመቱን ከፍዬ መድገም አለብኝ፤ የምከፍለው የለኝም። ለወንድሜ ደወልኩ።

የብየዳ ማሽኑን አላመጣም። አንድ ወፍራም የፌሮ ብረት ብቻ ይዞ መጣ። ዲኑን አስጠርቶ ውሉን ከመጀመሪያው አስታወሰው፤ በሩን፣ ፍርግርጉን፣ አልጋዎቹን፣ በረንዳውን። አንድም ጊዜ ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ አንድም ጊዜ "እርስዎ" ማለቱን አልተወም። ዲኑ እንደ ፈገግታ ባለ ነገር አዳመጠው።

"አንተው ራስህ በስጦታ ሰጥተህ የለ እንዴ?" አለው። መድረክ ላይ ያየነው አክብሮት እንግዶቹን ተከትሎ ሄዷል። "ወረቀቱንም ወስደሃል። ባለውለታ እናከብራለን፣ ክፍያ ግን ክፍያ ነው። ያቺን የአማቼን ጉዳይ ብታያት ኖሮ ደግሞ እዚህ ባልደረስን።"

ወንድሜ እጁን ኪሱ ከትቶ ቁራጯን ብረት አወጣና መዳፉ ላይ አስቀምጦ አሳየው።

"ይቺ የት እንደምትገባ ያውቃሉ?"

ዲኑ ትከሻውን ሰበቀ።

"በሩ አላለቀም ማለት ነው። ያላለቀ ሥራ ስጦታ አይሆንም። ይዤው እሄዳለሁ።"

ፌሮውን ከበሩ ሥር አስገብቶ ተጫነ። በሩ አቃሰተ፤ ከማጠፊያው ተነቅሎ ወደ ጎን አዘመመ። ዘበኛው ማንም ሳያዘው ሌላኛውን ጫፍ ያዘ። ሁለቱ ቀስ አድርገው መሬት ላይ አስተኙት።

ዲኑ ፖሊስ እጠራለሁ አለ። "ይጥሩ" አለው ወንድሜ፤ "የበረንዳዎንም ነገር አብረን እናጫውታቸዋለን።" ዲኑ ቀና ሲል መስኮቱ ሁሉ በተማሪ ተሞልቷል። "ትግባ" አለ፣ በአፍንጫው።

ፈተናውን በንዴት ጻፍኩት። ቁስል እንዴት እንደሚታጠብ ስጽፍ እስክሪብቶው ወረቀቱን ቀደደው። ቀና ባልኩ ቁጥር ወንድሜ፣ ራሱ በበየደው ፍርግርግ ማዶ፣ የተኛው በር ላይ ተቀምጦ ይታየኛል።

ስወጣ ተነሣ። "ጻፍሽ?"

"ጻፍኩ።"

"እንግዲያው ያዢ።"

እኔ በነጩ የደንብ ልብሴ፣ እሱና ዘበኛው፣ በሩን አንሥተን ወደ ቦታው መለስነው። ደረቴ በማጠፊያው ግራሶ ተለቀለቀ። ዲኑ ደረጃው ላይ ቆሞ ሲያየን ቆየና ጉሮሮውን ጠረገ።

"እግረ መንገድዎን" አለ፣ ድምፁን አለስልሶ፣ "ያቺን ነገር ቢበይዷት።"

ወንድሜ ቁራጯን መልሶ ኪሱ ከተታት።

"ውጤቷ ሲለጠፍ" አለው።