መብራት በዝቶባቸው

ሠላሳ ዓመት ወልድያ ላይ መብራት ስዘረጋ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለ መብራት ሊያስተምረኝ የሚቃጣው ሰው ሳይ ደሜ ይፈላል። ከጡረታ በኋላ ተክል በጠርሙስ የሚያበዙበት አንድ ቤተ ሙከራ ጥበቃ ሆኜ ገባሁ።

እዚያ የምትሠራ ነሲባ የምትባል የመርሳ ልጅ አለች። እናቷ ሀጂራ አምና ስትሞት፣ ሳሎኗ ውስጥ ስታሳድጋት የኖረችው አበባ የሚያጠጣት አጥታ ደረቀች። ነሲባ የተረፈውን አንድ ቅጠል በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ አመጣችው። ጥፍር በሚያክል መጠን ቆራርጣ፣ አሥራ ሁለት ጠርሙስ ውስጥ ጄሊ የመሰለ ምግብ ላይ አስቀመጠችው፤ ጠርሙሶቹንም መደርደሪያ ላይ አምፖል ሥር ደረደረቻቸው። ከሳምንታት በኋላ ከየቁራጩ ጠርዝ አረንጓዴ ነጥብ ብቅ ሲል እያለቀሰች አሳየችኝ። "ጋሼ ዘውዱ፣ እማዬ ቤት ልመልሳት ነው" አለችኝ። ከእናቷ እጅ የቀረ ሌላ ሕይወት ያለው ነገር አልነበራትም።

ከዚያ ለወንድሟ ኒካህ አራት ቀን ውርጌሳ ሄደች። ልትወጣ ስትል፣ "አደራዎን፣ መብራት እንዳይበዛባቸው" አለችኝ።

እኛ ዘንድ መብራት በዛ ማለት ሌላ ምን ማለት ነው? በዚያው ሰሞን ኃይሉ ጨምሮ የጎረቤቴን ፍሪጅ አቃጥሎታል። ለኔ ነው ደግሞ ስለ መብራት የሚነገረኝ ብዬ፣ ገና ዞር ከማለቷ ብሬከሩን አጠፋሁት። ጨለማ ውስጥ እንዳይቀሩ ብዬም ጠርሙሶቹን ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ላይ ደረደርኳቸው። ደግ የሠራሁ መስሎኝ፣ የኔ ነገር።

በሦስተኛው ቀን ነጥቦቹ ነጥተው፣ ቅጠሉም የተቀቀለ ጎመን መስሎ አገኘሁት። ያን ጊዜ ነው ነሲባ ግድግዳው ላይ የለጠፈችውን ወረቀት ያነበብኩት። ቡቃያዎቹ ደብዘዝ ያለ ብርሃን እንጂ ፀሐይ አይችሉም ይላል። ለካ ስለ አምፖሉ ብርሃን ነበር የነገረችኝ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ እያለ ደውዬ አንዲት ነገር መጠየቅ ሞት መስሎ ታይቶኝ ነው። አፈርኩ። ጠርሙሶቹን ወደ መደርደሪያቸው መለስኩና አምፖሉን አበራሁት።

መጥታ ስታያቸው ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ምን ሆነው ነው ብላ ጠየቀችኝ።

"መብራት በዝቶባቸው ነው" አልኳት።

ቃሉ ውሸት የለበትም፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ። አምፖሉን ቀና ብላ አየችው። ለሠርጉ ስትጣደፍ ዝቅ አድርጋ ሰቅላው እንደነበር፣ እናቷን በገዛ እጇ ሁለተኛ እንደቀበረቻት ነገረችኝ። አሁን ንገራት፣ አሁን ንገራት እያልኩ ጠርሙሶቹን አንድ ባንድ ሰበሰብኩላት።

"ጋሼ፣ በኔ ጥፋት እርስዎንም አስጨነቅኩዎት፤ ይቅር ይበሉኝ፣ አውፍ በሉኝ" አለች።

"አውፍ ብዬሻለሁ" አልኳት።