ከጭንብሉ ስር ያለችው አንባቢ

በማተሚያ ቤቱ ጓዳ ያለው ሥራ የሁለት ሰው ነበር። እሷ ረቂቁን ጮክ ብላ ታነባለች፤ ታላቅ ወንድሟ፣ የማተሚያ ቤቱ ባለቤት፣ እርሳስ ይዞ የታተመውን ናሙና ያርማል። ነጠላ ሰረዙንም፣ አራት ነጥቡንም፣ «አዲስ አንቀጽ»ንም ሳይቀር ድምፅ ሰጥታ ታነበዋለች። ሃያ ሦስት ዓመት እንዲህ ሠሩ። ሠራተኞቹ «አንባቢዋ» ይሏታል።

ከዚያ ድምጿ ሻከረ። ብርድ ነው ተባለ፤ ማር ተላሰ፤ ሦስት ወር አልለቅ ሲላት ሐኪም ዘንድ ሄደች። በግራ የድምፅ አውታሯ ላይ ከስንዴ ፍሬ የማትበልጥ ዕጢ ተገኘች። ካንሰር፣ ገና በጅምሩ።

«ከነሥሩ ቆርጠው ያውጡት!» አለ ወንድሟ ሐኪሟ ፊት። «ድምፅ ምን ይሠራልኛል? እኔ የምፈልገው እህት ነው።»

«ጋሼ፣ ጉሮሮው የማን ነው?»

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ቃል ስትመርጥ አትቸኩልም። «በዚህ ደረጃ በጨረር ብቻ ከአሥር ሰው ዘጠኙ ያህል ይድናል። ካገረሸም ቀዶ ጥገናው አለ።»

«ድምፄስ?»

«የአብዛኛው ሰው ይመለሳል። እንደ ድሮው ይሆናል ብዬ ግን አልምልልዎትም።»

«አይማሉልኝ፣ ዶክተር። ጨረሩን ይጻፉልኝ።»

ወንድሟ ተነስቶ ወጣ። በሩን አልደረገመውም፤ ቀስ አድርጎ መዝጋቱ ባሰባት።

ጨረሩ ሠላሳ ቀን ነው፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ። ሙቅ ውሃ ያለሰለሰው ወንፊት መሳይ ፕላስቲክ ፊቷና አንገቷ ላይ ደርቆ ጭንብል ሆኗል፤ እሱ ከጠረጴዛው ጋር ጠፍሮ ይይዛታል። በመጀመሪያው ቀን የጨረር ባለሙያው በድምፅ ማጉያ ጮኸ።

«እትዬ፣ አይዋጡ!»

ትንሽ ቆይቶ ማሽኑን አቆመና ገባ። ጭንብሉን ፈታላት።

«ጉሮሮዎ ሲወጣ ሲወርድ እያየሁ እኮ ነው።»

«ምራቄን እንኳ አልዋጥኩም።»

«ታዲያ ምንድነው?»

ቀና ብላ የማሽኑን ሆድ አየች። የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ተለጥፎበታል። አፈረች።

«እያነበብኩ ነው።»

«በልብዎ?»

«በልቤ ማንበብ አላውቅም።»

እውነቷን ነበር። ከንፈሯ ባይነቃነቅ እንኳ ጉሮሮዋ እያንዳንዷን ቃል ይከተላል። የለመደ በሬ ቀንበር ቢያወርዱለትም ፈሩን አይስትም።

ባለሙያው ሳቀ። «ያስነጠሰውን አይቻለሁ፣ እንቅልፍ የጣለውንም አይቻለሁ። በማንበብ ጨረር ያስቆመ ሰው ግን የመጀመሪያዋ እርስዎ ነዎት! በሉ ዓይንዎን ይጨፍኑ።»

ጨፈነች። ትናንት ያነበበችው ገጽ መጣባት። ልትቆጥር ሞከረች፤ ቁጥሩም ጉሮሮዋ ውስጥ ገባ። ቃል የሌለው ነገር ፈለገች። የወንድሟ እርሳስ መስመር ተከትሎ ሲሄድ ታያት። ያኔ ጉሮሮዋ ጸጥ አለ።

በአራተኛው ሳምንት የአንገቷ ቆዳ ጠቆረ፤ ውሃ እንኳ እሾህ ሆነባት፤ ድምጿ ጭራሹን ጠፋ። ወንድሟ ሾርባ ይዞ መጣ።

«አላልኩሽም?»

ወረቀት ስባ ጻፈች፦ «አፌ ሲዘጋ ጀግና ሆንክ። ጠብቅ።»

ሳይወድ ሳቀ። ከዚያ ሳህኑን አስቀምጦ፣ «ብትሞቺብኝስ?» አለ።

«እኔም እፈራለሁ» ብላ ጻፈች። «ግን ፍርሃት አይመርጥልኝም።»

ጨረሩ ካለቀ ሦስት ወር ሲሆነው ሐኪሟ ቀጭን ካሜራ በአፍንጫዋ አስገብታ ጉሮሮዋን አየች። «ንጹሕ ነው» አለቻት። «ክትትሉ ግን ዓመታት ይፈጃል።» ድምጿ ተመልሷል፤ ግን አሸዋ የገባበት ይመስላል። በልክ እንድታነብ ተፈቀደላት።

በማግስቱ ጓዳው ገባች።

«በቀን አንድ ገጽ» አለ ወንድሟ፣ ጣቱን ቀስሮ። «ከዚያ በላይ ጆሮዬን አላውስሽም።»

«እሺ ጋሼ።»

ከተቆለለው ረቂቅ ውስጥ ወፍራሙን መርጣ አወጣች።

«አንቺ! ይኼ ሦስት መቶ ገጽ ነው! ዓመት ሊፈጅብን ነው እኮ!»

«ዓመት የላትም ያለህ ማነው?»

ማንበብ ጀመረች። ሁለተኛው መስመር ላይ ድምጿ ተሰነጠቀ። ወንድሟ ደንግጦ ቀና አለ። እሷ ቀና አላለችም፤ መስመሩን ከመጀመሪያው ደገመችው።